ባሕሩ ሲወስድ ማን ይከፍላል? ከግማሽ ዲናር ኪራይ እስከ «ሰውከራ»



በነቢይነት በ5ኛው ዓመት፣ በረጀብ ወር፣ እ.ኤ.አ. በ615 መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ በድብቅ ወጥተው ሹዐይባ ወደሚባለው ወደብ ወረዱ። ከፊሉ በእግሩ፣ ከፊሉ በግልቢያ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን አላህ ገጠመላቸውና በዚያው ሰዓት ሁለት የነጋዴ ጀልባዎች ደረሱ፤ በግማሽ ዲናርም ወደ ሐበሻ ምድር ጫኗቸው። የቁረይሽ አሳዳጆች ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ጀልባዎቹ ሄደዋል።

ይህን ታሪክ በሰማን ቁጥር ልባችን ቶሎ ብሎ ወደ ነጃሺ ቤተ መንግሥት ይሻገራል። ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ጀልባው ላይ ትንሽ እንቆይ። ግማሽ ዲናሩ ኪራይ ነው፤ ኪራይ ደግሞ ውል ነው። ጀልባው መንገድ ላይ ቢሰበር ኪራዩ ይመለሳል ወይ? ማዕበል ቢያስገድድና ጭነት ቢጣል የማን ጭነት ይጣላል፣ ማንስ ይተካል? ማዶ ሲደረስ ቀረጥ ስንት ነው? ሁለቱ ጀልባዎች በአላህ ፈቃድ በሰላም ገብተዋልና እነዚህ ጥያቄዎች ያን ቀን አልተነሱም። ከዚያ በኋላ ግን ከሺህ ዓመት በላይ ዑለሞቻችንን ሲያነጋግሩ ኖረዋል። «ኢንሹራንስ ዘመናዊ ጉዳይ ነው፣ ኪታብ ላይ የለም» የሚል ወጣት ሲያጋጥመን የሚገርመንም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ባሕርን በጣም ይፈራ ነበር። ጠበሪ እንደዘገቡት በ20ኛው ሒጅሪ ዐልቀማ ኢብኑ ሙጀዝዚዝ ሰዎች ይዘው በባሕር ወደ ሐበሻ አቅጣጫ ተልከው አደጋ ደረሰባቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ከዚያ ወዲያ ማንንም በባሕር ላለመላክ ከራሳቸው ጋር ቃል ገቡ። ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ወደ ቆጵሮስ ለመሻገር ቢለምኑም የተፈቀደላቸው በዑሥማን (ረ.ዐ) ዘመን፣ በ28ኛው ሒጅሪ ነው።

ነጋዴው ግን ፍርሃቱን የያዘው በቃል ኪዳን ሳይሆን በውል ነበር። ቡሉጉል መራምን የቀራ ደረሳ ሐኪም ኢብኑ ሒዛምን (ረ.ዐ) ያስታውሳል፤ የእናታችን ኸዲጃ የወንድም ልጅ ናቸው። ገንዘባቸውን ነግዶ ለሚያተርፍ ሰው በሙዷረባ ሲሰጡ ሦስት ነገር ይከለክሉት ነበር። በገንዘቡ ነፍስ ያለው እንስሳ እንዳይገዛ፣ በባሕር እንዳይጭነው፣ ጎርፍ በሚወርድበት ሸለቆ ይዞት እንዳያርፍ። ከሦስቱ አንዱን ካደረገ ኪሳራው በእርሱ ነው። ዳረቁጥኒ የዘገቡት ሲሆን ኢብኑ ሐጀርም ዘጋቢዎቹ ታማኞች መሆናቸውን ገልጸዋል።

የዚህን ክብደት ለመረዳት የሙዷረባን ሕግ ማወቅ ይበቃል። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት ያወጣል፤ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ሠራተኛው ሳያጠፋ ገንዘቡ ከጠፋ ግን የሚከስረው ባለገንዘቡ ነው፤ የሠራተኛው ኪሳራ የደከመበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃው ቀይ ባሕር ላይ ቢሰምጥ በሕጉ ባለገንዘቡ «ኢንና ሊላህ» ብሎ ይቀመጣል። ሐኪም (ረ.ዐ) ያደረጉት ይህን አደጋ አስቀድሞ በስም ጠርቶ ከውሉ ማውጣት ነበር። ዛሬ የመድን ፖሊሲ ጀርባ ላይ በደቃቁ የሚጻፈውና ማንም የማያነበው «የማይሸፈኑ አደጋዎች» የሚለው ዝርዝር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ፣ ሐኪም ቁጭ ብለው ፊት ለፊት ይናገሩት ነበር።

አሁን ወደ ቀረጡ እንምጣ። አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ እንዳሰፈሩት አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ለዑመር ጽፈው ነጋዴዎቻችን ወደ ሌላ አገር ሲገቡ አሥራት ይወሰድባቸዋል አሏቸው። የዑመር መልስ እነሱ ከሙስሊም ነጋዴ የሚወስዱትን ያህል እናንተም ከነጋዴዎቻቸው ውሰዱ የሚል ነበር። ከዚሚዮች የአሥራት ግማሽ፣ ከሙስሊሙ ከ40 ዲርሃም 1 ዲርሃም፤ ከ200 ዲርሃም በታች ለያዘ ምንም የለበትም። አገሮች ዛሬ በስምምነት የሚያደርጉትን ቀረጥን በቀረጥ የመመለስ አሠራር በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እናገኘዋለን።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ታሪክ አለ። ከበኒ ተግሊብ ነገድ የሆነ አንድ ክርስቲያን ፈረስ ይዞ በቀረጥ ሰብሳቢው በዚያድ ኢብኑ ሑደይር በኩል አለፈ። ፈረሱ 20,000 ዲርሃም ተገምቶ 1,000 ከፈለ። በዚያው ዓመት ሲመለስ ዚያድ እንደገና 1,000 ጠየቀው። ሰውየው ነገሩ ከንክኖት መካ ድረስ ወርዶ ለዑመር (ረ.ዐ) አቤት አለ። ዑመር ጉዳይህ አልቋል ከሚል አጭር ቃል በቀር አልመለሱለትም። ሰውየው ያልተሰማ መስሎት፣ እንደገና ሊከፍል ልቡን አሳምኖ ተመለሰ። ሲደርስ ግን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ እንዳይወሰድ የሚያዝዘው የዑመር ደብዳቤ ቀድሞት ገብቷል። በአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ግብር መከልከሉን የጠየቀው ሙስሊም አልነበረም፤ የፈረዱለት ደግሞ የምእመናን መሪ ናቸው። ይህን ደጋግመን ልናነበው ይገባል።

ሁሉም ገዢ ግን ዑመር አልነበረም። ከመቶዎች ዓመታት በኋላ የቀይ ባሕር ወደቦች ሐጃጁን ሳይቀር የሚገፉበት ጊዜ መጣ። ኢብኑ ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 ከግብጽ ዳርቻ፣ ዐይዛብ ከሚባለው ወደብ ወደ ጂዳ ሲሻገሩ ያዩትን በዝርዝር ጽፈዋል። ከዚያ በፊት በእያንዳንዱ ሐጅ አድራጊ ላይ 7 ዲናር ተኩል ይጣል ነበር፤ መክፈል ያቃተው ለመጻፍ በሚያሳፍር ቅጣት ይቀጣል። ይህን ቀረጥ ያነሱት ሱልጧን ሰላሑዲን ናቸው። ግን በባዶ እጅ አላነሱትም። ቀረጡ የመካው አሚር ገቢ ስለነበር በምትኩ 2,000 ዲናርና 2,000 ኢርደብ ስንዴ እንዲላክለት አደረጉ። ግብር የሚቀንስ ሰው ገቢው የሚቀርበትንም ሰው ማሰብ እንዳለበት ሰላሑዲን ገብቷቸው ነበር።

ቀረጡ ቢነሳም ጀልባው አልተሻለም። የዐይዛብ ጀልባዎች ያለ ምስማር በገመድ የተሰፉ ነበሩ። ባለቤቶቹ ሐጃጁን እንደ ዶሮ አጭቀው በመጫን በአንድ ጉዞ የጀልባውን ዋጋ መልሰው ያገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢሰምጥ ባይሰምጥ ግድ የላቸውም። በመካከላቸው የተለመደ አባባልም ነበር፤ እኛ የምናስበው ለሳንቃው ነው፣ ነፍሱን ሐጃጁ ራሱ ያስብበት የሚል ይዘት ያለው። ኢብኑ ጁበይር በቁጣ ነው የጻፉት።

ይህ አባባል የሞተ ከመሰለን ተሳስተናል። ከኦቦክና ከቦሳሶ ዳርቻ ሌሊት ወደ የመን የሚነሱት ጀልባዎች የሚሠሩት በዚሁ ሒሳብ ነው። በእነዚያ ጀልባዎች ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ የወጡ የእኛው ልጆች አሉ። ውል የለም፣ ዷሚን የለም፣ የተሳፋሪ ስም ዝርዝር እንኳ የለም። ከጠለቀ የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለ ባሕር ሕግ የምናወራው ስለ ትላልቅ ነጋዴዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ ብለን ነው ይህን ያነሳነው።

ስርዓት ያለው ባሕር እንዴት እንደነበር ደግሞ እንይ። ቀልቀሸንዲ እንደሚነግሩን ፋጢሚዮች በዐይዛብ 5 የጦር መርከቦች ነበሯቸው፤ በኋላ 3 ሆኑ። ሥራቸው የካሪም ነጋዴዎችን ጭነት በዐይዛብና በሰዋኪን መካከል፣ ከቀይ ባሕር ደሴቶች ከሚነሱ ዘራፊዎች መጠበቅ ነበር። በዐደን ደግሞ አዩቢዮች የጦር ጀልባዎች አሠማርተው ወጪውን ከነጋዴው በተለየ ቀረጥ ሰበሰቡ። ኢብኑል ሙጃዊር የተባሉት ተጓዥ የዐደንን ጉምሩክ ሲገልጹ ዕቃው እንዴት እንደሚቆጠር፣ ነጋዴው እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ይህ የጀልባ ቀረጥም እንዴት እንደተጨመረ ጽፈዋል። ነጋዴዎቹ ማማረራቸው አይቀርም። ያም ሆኖ አንድ ዘረፋ አንድን ነጋዴ ከሚያወድም ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ ይሻላል የሚለው ሐሳብ በዚህ ቀረጥ ውስጥ አለ። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ይነግዱ የነበሩት ነጋዴዎች፣ ሙስሊሙም አይሁዱም፣ ዕቃቸውን ለሁለትና ለሦስት መርከብ ከፋፍለው መጫንም ልማዳቸው ነበር። አንዱ ቢሰምጥ ሌላው ይገባል።

የመዝሀብ ሊቃውንት በጣም የደከሙበት ቦታ ግን ማዕበል ሲነሳ ጭነት የሚጣልበት መስአላ ነው። በአገራችን በብዙ መድረሳ የሚቀራው የነወዊይ ሚንሃጅ ይህን የሚያነሳው የነፍስ ካሳ በሚወራበት ምዕራፍ ነው። መርከቡ ሊሰምጥ ከተቃረበ ጭነት መጣል ይፈቀዳል፤ የተሳፋሪን ነፍስ ለማትረፍ ተስፋ ካለ ደግሞ ግዴታ ይሆናል። የሌላውን ንብረት ያለ ፈቃዱ የጣለ ይተካል። አንድ ሰው ለጓደኛው «ዕቃህን ጣል፣ ዷሚኑ እኔ ነኝ» ካለው መክፈል አለበት። «ጣል» ብቻ ብሎ ዝም ካለ ግን አይከፍልም። የቃሉን ልዩነት ልብ በሉ፤ በዚያ ሁሉ ጩኸትና ማዕበል መካከል እንኳ ዷማን ተነግሮ እንጂ ተገምቶ አይያዝም።

ማሊኪዮች ሌላ መንገድ ሄዱ። መርከቡን ለማዳን የተጣለው ዕቃ የአንድ ሰው ኪሳራ ሆኖ አይቀርም፤ የንግድ ዕቃቸው በተረፈላቸው ባለጭነቶች ሁሉ ላይ በዋጋ ተሰልቶ ይከፋፈላል። ለግል መጠቀሚያ የተያዘ ነገር አይቆጠርም። ሰው ደግሞ በጭራሽ አይጣልም፣ አይሰላምም። የዩኑስን (ዐ.ሰ) ዕጣ ማስረጃ አድርጎ ሰውን በዕጣ መጣል በእኛ ሸሪዓ እንደማይፈቀድ ዑለሞች ግልጽ አድርገዋል።

ስለ መርከብ ኪራይና በባለመርከብና በተከራይ መካከል ስለሚነሳ ክርክር ብቻ የተዘጋጀ የማሊኪያ ድርሳን ከሺህ ዓመት በፊት ተጽፎ እስከ ዛሬ ደርሷል። የመርከበኛው ደሞዝ፣ የጭነት መጠን፣ የሚጣል ዕቃ አከፋፈል ሁሉ አለበት። ዋናው ክርክር ኪራዩ ራሱ ነው። መርከቡ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቢሰበርስ? በኢማሙ ማሊክና በደቀ መዝሙራቸው በኢብኑል ቃሲም ዘንድ ኪራይ የሚገባው መድረሻው ሲደረስ ነው፤ ካልደረሰ ምንም የለም። ኢብኑ ናፊዕ ደግሞ በሄደው ርቀት ልክ ይከፈለው አሉ። ሁለቱም አስተያየት ለአንድ ወገን ያደላ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለን ስናየው ግን የመጀመሪያው ባለመርከቡ አሮጌ ሳንቃ ይዞ እንዳይወጣ ያስገድደዋል። በዐይዛብ ይህ ሕግ ቢሠራ ኖሮ ስንት ሐጃጅ በተረፈ እያልን እናስባለን።

ታዲያ ኢንሹራንስ በስሙ ወደ ኪታቦቻችን የገባው መቼ ነው? በ1252ኛው ሒጅሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1836 ያረፉት የደማስቆው የሐነፊ ሊቅ ኢብኑ ዐቢዲን ረሒመሁላህ በረዱል ሙሕታር አስፍረውታል። ቃሉን ከአውሮፓ ነጋዴዎች ሰምተው «ሰውከራ» ይሉታል። ቦታው ደግሞ የሽያጭ ምዕራፍ አይደለም፤ የጸጥታ ዋስትና ተሰጥቷቸው በሙስሊም አገር ስለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚናገረው ምዕራፍ ነው።

ያዩት ነገር እንዲህ ነው። የሙስሊም ነጋዴዎች ከውጭ አገር ሰው መርከብ ይከራያሉ፤ ኪራዩን ይከፍላሉ። ከዚያ ሌላ በአገሩ ለሚኖር ሌላ የውጭ ሰው የታወቀ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ይህ ሰው ዕቃው በእሳት፣ በመስመጥ ወይም በዘረፋ ቢጠፋ ሊተካ ይስማማል። በወደቦቻችን የሱልጧን ፈቃድ ያለው ወኪል አስቀምጧል፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው ወኪሉ ነው፣ ዕቃ ሲጠፋ የሚከፍለውም እርሱ ነው። መድን ሰጪ፣ አረቦን፣ ፖሊሲ፣ የአገር ውስጥ ወኪል፣ ካሳ። ምንም የቀረ ነገር የለም።

ኢብኑ ዐቢዲን ነጋዴው ይህን ካሳ መውሰድ አይፈቀድለትም አሉ፤ ምክንያቱም ሰውየው በሸሪዓ ያልተጣለበትን ግዴታ ነው የሚሸከመው። ግን እዚያ አላቆሙም፤ ሊነሳባቸው የሚችለውን ጥያቄ ራሳቸው አነሱ። ደሞዝ እየተከፈለው ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ዕቃው ሲጠፋ ይተካ የለም ወይ? አዎን፣ ግን ዕቃው ያለው በባለመርከቡ እጅ እንጂ በሰውከራው ሰው እጅ አይደለም፤ ባለመርከቡና የሰውከራው ሰው አንድ ቢሆኑም እንደ መስመጥ ያለውን መከላከል የማይቻል አደጋ አይተካም። ሌላም አነሱ። «በዚህ መንገድ ሂድ፣ አስተማማኝ ነው፣ ንብረትህ ቢወሰድ ዷሚኑ እኔ ነኝ» ያለ ሰው ይጠየቅ የለም ወይ? ይጠየቃል፤ ያ ግን አደጋውን እያወቀ የማያውቀውን ሰው ስላታለለ ነው። የሰውከራው ሰው ግን አላታለለም፤ መርከቡ ይስመጥ ይዳን እርሱም አያውቅም። እዚህ ላይ ስለ ኦቦኩ ጀልባ ያነሳነውን አስታውሱና፣ «መንገዱ ሰላም ነው፣ ኃላፊነቱ የኔ» እያለ ልጅ የሚያስወጣው ደላላ በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ ለራሳችሁ መዝኑ።

ፈትዋቸውን የሚጠቅስ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ክፍል አለ። ውሉም ክፍያውም የተፈጸመው በውጭ አገር፣ በዚያው አገር ሰዎች መካከል በፈቃድ ከሆነ፣ ሙስሊሙ ነጋዴ እዚያ ያለው ሸሪኩ ተቀብሎ የሚልክለትን ካሳ መውሰድ ይችላል። ውሉ እዚህ ከተፈጸመ ግን አይችልም። የእርሳቸው ምክንያት ሌላ ቢሆንም የዛሬ የባሕር ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ውሉ የት ተፈረመ? የየትኛው አገር ሕግ ይገዛዋል?

ከእርሳቸው ወዲህ ክርክሩ አላቋረጠም። ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃን የመሰሉ ዑለሞች ኢንሹራንስ በመሠረቱ ይፈቀዳል ሲሉ ብዙኃኑ አልተቀበሏቸውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ ሸንጎ፣ ቋሚ አረቦን ተከፍሎበት የሚሸጠው የንግድ መድን ከባድ ገረር ስላለበት ሐራም ነው፤ አባላት በተበሩዕ የሚያዋጡበትና የሚረዳዱበት መድን ግን ይፈቀዳል ሲል ወሰነ። የመጀመሪያው የተካፉል ኩባንያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1979 በጎረቤታችን በሱዳን ተቋቁሞ ነበር። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ ለተካፉል ሥራ መመሪያ አውጥቷል። ሕግ የሚያስገድደው መድን፣ ለምሳሌ ለመኪና የሦስተኛ ወገን፣ የተለየ ዝርዝር አለው፤ በአካባቢያችሁ ያሉትን መሻይኾች ጠይቁ።

ማሊኪዮች ያስቀመጡት የተጣለ ጭነትን የመከፋፈል ሐሳብ፣ በሌሎች ሕዝቦችም ዘንድ ከጥንት የነበረ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። «ኤቨር ጊቨን» የተባለችው መርከብ በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ስዊዝ ቦይ ላይ ተሰንቅራ 6 ቀን መንገድ ዘግታ ስትወጣ ባለቤቶቹ የጋራ ኪሳራ አወጁ። በውስጧ ኮንቴይነር የነበረው ሁሉ፣ ዕቃው አንድ ጭረት ባይነካውም፣ ለመርከቧ ማዳኛ ወጪ ዋስትና ካላስያዘ ዕቃውን አይረከብም። መድን የገባለት ያስያዘው መድን ሰጪው ነው፤ ያልገባው ከኪሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግም ይህን ይዟል። በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገቡ ወንድሞችና እህቶች «የኔ ዕቃ ደህና ነው፣ ምን አገባኝ» የሚል መልስ እዚህ ላይ እንደማይሠራ ይወቁ።

የመጨረሻው ነገር ከባሕር ዳር የባሕረኞች ማሠልጠኛ እየተመረቁ በውጭ መርከቦች ለሚቀጠሩ ልጆች ነው። ባለመርከቡ ቢከስር ወይም ቢጠፋ፣ መርከበኛው በማያውቀው ወደብ ያለ ደሞዝና ያለ ምግብ ተጥሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ባለመርከቡ ለዚህ የሚሆን የገንዘብ ዋስትና እንዲይዝ ያስገድዳል። ደሞዝ ቢያንስ 2 ወር ካልተከፈለ መርከበኛው እንደተተወ ይቆጠራል፤ ዋስትናው እስከ 4 ወር ያልተከፈለ ደሞዝና ወደ አገር መመለሻውን ይሸፍናል። ለሞትና ለአካል ጉዳት ደግሞ ሌላ ዋስትና አለ። የዋስትና ሰጪው ስምና አድራሻ ያለባቸው የምስክር ወረቀቶች መርከቡ ውስጥ ሁሉም በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለባቸው። መርከቡ ከወደብ ሳይነቀል ፎቶ አንሷቸውና ለቤተሰብ ላኩ፤ ከተለጠፉ ዷሚኑ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ካልተለጠፉ ደግሞ ገና መሬት ላይ ሳላችሁ ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።